ልጃችን ወደ ሰው ቤት ስትሄድ

ከደሴ ተነሥቶ በወረኢሉ በኩል ወደ ጃማ ወረዳ የሚጓዝ ሰው ደጎሎ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያየው የመሬቱን ጥቁረት ነው። ዋልካው በክረምት ውሃ ቋጥሮ እግር ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ገበሬው ውሃውን በቦይ እያጠነፈፈ ስንዴውንና ጤፉን፥ ባቄላውንና ምስሩን ያበቅልበታል። ምድሩ ለጋስ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ቤተ ሰብ ሲበዛ መሬት አብሮ አይሰፋምና፥ ለአንድ አባት ይበቃ የነበረው ማሳ ለአራትና ለአምስት ልጆች ሲካፈል ለአንዳቸውም የዓመት ቀለብ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም አካባቢ በብዙ ቤት ስለ መኸሩ ከሚነገረው ይልቅ ስለ ዓረብ አገር የሚነገረው እየበዛ ሄዷል።

እኛም ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ያገኘነው በዚያው አገር በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ምእመናን ጠበል ጠጥተው ሲበተኑ አንዲት እናት ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው «ይፍቱኝ አባቴ» አሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብለው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ የልባቸውን ጭንቀት ነገሯቸው። «አባቴ፥ ልጂቱ ልሂድ ብላ አስጨነቀችኝ። እንደ ጎረቤታችን ልጅ የቆርቆሮ ቤት ልሥራልሽ ትለኛለች። ብፈቅድላት እፈራለሁ፤ ብከለክላት ደግሞ ሌሊት ተነሥታ ከደላላ ጋር ትጠፋብኛለች። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

ካህኑ ትሂድም ትቅርም አላሉም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እኔም ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። በማን እጅ ትሄዳለች? በዚያ ቤት ማን ተብላ ትኖራለች? የምትልከውንስ ገንዘብ ማን ይጠብቅላታል? የነዚህን መልስ ይዘሽ ነዪ፤ ከዚያ በኋላ አብረን እንመካከራለን» አሏቸው። እናቲቱም ነጠላቸውን እያስተካከሉ፥ «ሁለቱን ሰው ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ሦስተኛውን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በደጎሎ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ቢጠይቃቸው የሚጠቀምባቸው ስለ ሆኑ፥ እኛም እንደ ቅደም ተከተላቸው ልንመለከታቸው ወደድን።

ልጆቹ ለምን ይሄዳሉ?

ከሁሉ አስቀድሞ በልጆቹ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ብዙዎቻችን «ገንዘብ አጓጉቷቸው ነው» እንላለን። ይሁን እንጂ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ደሴና ከዚያም ወዲህ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ በሩ የተዘጋባት ልጃገረድ፥ እርሻውም ለወንድሞቿ እንደማይበቃ እያየች፥ በሰፈሯ ያለውን አዲሱን የቆርቆሮ ቤት ብትመኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። ብዙዎቹም የሚሄዱት ለራሳቸው ጌጥ ሳይሆን እናታቸውን ለማሳረፍና ታናናሾቻቸውን ለማስተማር ነው። መነሻቸው ፍቅር እንደ ሆነ ካላወቅን ምክራችን ወደ ጆሯቸው አይገባም።

በማን እጅ ትሄዳለች?

ወደ ውጭ አገር ሄዶ መሥራት በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነገር አይደለም። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጉዞውን አግዶ ነበር፤ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. ተነሥቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 እና እርሱን ያሻሻለው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1246 የሠራተኛዋን ጉዞ በሥርዓት ይወስናሉ። እንደ ሕጉ፥ ተጓዧ ዕድሜዋ 18 ዓመት የሞላ መሆን አለበት፤ ስለምትሠራው ሥራም ሠልጥና የምስክር ወረቀት መያዝ ይገባታል። የምትሄድበትም አገር ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስለ ሠራተኞች ስምምነት ያለው ሊሆን ያስፈልጋል። የቪዛውን፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣውን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የመድን ዋስትናውን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው። እንግዲህ አንድ ደላላ መጥቶ «ለቪዛና ለአውሮፕላን ይህን ያህል ሺህ ብር አምጡ» ቢል፥ አባትም በሬውን ለመሸጥ ቢነሣ፥ ነገሩ ከመጀመሪያው እንደ ተበላሸ መታወቅ አለበት።

ከዚህ የከፋው ግን በእግርና በጀልባ የሚደረገው ጉዞ ነው። በአፋር በረሓ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፥ ከዚያም ከኦቦክ ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን፥ ከየመንም በጦር ሜዳ መካከል አልፎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር የሚወስደው መንገድ ስንቱን እንደ በላ የወሎ እናቶች ያውቃሉ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች፥ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፥ ተሳፍረውበት የነበረው ጀልባ በየመን ባሕር ዳርቻ ተገልብጦ በርካታ ወገኖቻችን ሰጥመዋል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ልጅ ውል የለውም፤ ቢጠፋም የት ነው ተብሎ የሚጠየቅለት ቢሮ የለም።

ሌላም በዝምታ የምናልፈው ኃጢአት አለ። ይኸውም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ሃያ አምስት ዓመቷ ነው» ተብላ መታወቂያና ፓስፖርት እንድታወጣ የሚደረገው ነው። ለዚህ ነገር ሽማግሌ በምስክርነት ይጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ክርስትና ካነሣት ሰው ዘንድ ይኬዳል። ይህ በሐሰት መመስከር ነውና እንደ ቀላል ውለታ ሊታይ አይገባውም። ጉዳቱም በነፍስ ብቻ አይቀርም። ልጂቱ በባዕድ አገር ብትታመም ወይም ብትሞት፥ ወረቀቷ የሚናገረው ስለ ሌላ ሴት ስለ ሆነ፥ ወላጆቿ ልጃችን ናት ብለው ለማስረዳት ይቸገራሉ።

ስለዚህ ቤተ ሰቡ «በማን እጅ?» ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ ይህን መልስ ሊይዝ ይገባዋል። ወኪሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ የተሰጠው መሆኑ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። የአሠሪው ሙሉ ስም፥ ከተማውና የስልክ ቁጥሩ ይመዝገብ። የውሉና የፓስፖርቱ ቅጂ በእናቲቱ ሣጥን ይቀመጥ። በአገሩ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ ልጂቱ በቃሏ እንድታጠናው ይደረግ፤ ቀፎዋን ቢወስዱባት ያጠናችውን አይወስዱባትምና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ጊዜ የሚሆን ነው።

ማን ተብላ ትኖራለች?

በአውሮፓ «ኦ ፔር» የሚባል ልማድ አለ። ትርጓሜው በፈረንሳይኛ «በእኩልነት» ማለት ሲሆን፥ አንዲት ወጣት በባዕድ አገር ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር እየኖረች፥ ሕፃናትን በመጠበቅና ቀላል የቤት ሥራ በማገዝ ቋንቋ የምትማርበት መንገድ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ1969 በስትራስቡርግ ስለዚሁ ባዘጋጁት ስምምነት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት ተጽፏል፦ ዕድሜዋ ከ17 እስከ 30 ዓመት ይሁን፤ ሥራዋ በቀን ከ5 ሰዓት አይብለጥ፤ ቆይታዋ ከሁለት ዓመት አይለፍ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ፤ በወርም ቢያንስ አንዱ የዕረፍት ቀን እሑድ ይሁን፤ ሃይማኖታዊ አምልኮዋንም እንድትፈጽም ሙሉ ዕድል ይሰጣት። ስምምነቱን ያጸደቁት አገሮች ጥቂቶች ናቸው፤ ያም ሆኖ «እንደ ቤተ ሰብ» የሚለው ቃል በሰዓትና በቀን ሲለካ ምን እንደሚመስል ያሳየናል።

የደጎሎዋ ልጅ የምትሄድበት መንገድ ግን ይህ አይደለም። ደላላውም ቢሆን «እንደ ልጃቸው ነው የሚይዟት» ማለቱ አይቀርም። በብዙ የዓረብ አገሮች የኖረው «ካፋላ» የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር ያቆራኛል፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ቤት መለወጥ እጅግ ያስቸግራታል፤ ጥላ ብትወጣም እንደ ሕገ ወጥ ትቆጠራለች። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ኩዌት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንና በቀን ከ12 ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ደንግጋለች። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት እንድታርፍ፥ ፓስፖርቷንም በእጅዋ እንድትይዝ መብት አላት ይላል። ሕጉ በወረቀት መኖሩ ብቻውን በር አይከፍትም፤ ሆኖም መብቷን አውቃ የምትሄድና ሳታውቅ የምትሄድ እኩል አይደሉም።

«ማን ተብላ?» የሚለው ጥያቄ ሌላም ምሥጢር አለው። ከክርስቲያን ቤት የወጡ አንዳንድ ልጆች ሥራ ቶሎ እንዲገኝላቸው ሲባል የሙስሊም ስም ይሰጣቸዋል፤ ማኅተባቸውንም ፈትተው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንናገር። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሐዘንም በደስታም ተለያይተው አያውቁም፤ በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ያሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ስሙ የጎረቤታችንና የዘመዳችን ስም ነውና ክፉ ስም አይደለም፤ ክፉው ሐሰቱ ነው። የጎረቤትን ሃይማኖት እንደ ልብስ ለጊዜው መልበስ ሃይማኖቱንም አያከብርም፤ ልጂቱንም በየቀኑ ፈሪ ያደርጋታል። አንድ ቀን አመሏ ወይም ጸሎቷ ቢገልጣት፥ ውሉ በሐሰት ስም የተጻፈ ስለ ሆነ የምትከራከርበት ቃል ታጣለች።

ስለ ጾሙም ወላጆች አስቀድመው ከንስሐ አባት ጋር ሊማከሩ ይገባል። ሰባቱን አጽዋማት በእናቷ ቤት ስትጾም ያደገች ልጅ በሰው ማድ ቤት ሥጋ ቀቅላ፥ ወጡንም ቅመሺ ተብላ ስትታዘዝ ኅሊናዋ ይጨነቃል። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ በሊባኖስና በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬትስ ግን ኢትዮጵያውያን ምእመናን በአንድነት የሚጸልዩባቸው ሥፍራዎች አሉ። ጸሎቷን በልቧ እንዴት እንደምታደርግ፥ ባልጾመችውም ጾም ተስፋ እንዳትቆርጥ አባቷ አስቀድመው ቢያጽናኗት፥ «እኔ ከእንግዲህ ጠፍቻለሁ» ከሚለው የከፋ አሳብ ትድናለች።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ስለ አንዲት ታናሽ ብላቴና ተጽፏል። ከእስራኤል አገር ተማርካ በሶርያ የንዕማን ሚስት አገልጋይ ሆና ነበር። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ጌታዋ በለምጽ ሲሠቃይ አይታ ስለ ነቢዩ ኤልሳዕ የተናገረች እርሷ ናት፤ ንዕማንም የዳነው ከርሷ ቃል ተነሥቶ ነው። ብላቴናይቱ በሰው ቤት ሳለች ማንነቷን አልረሳችም፤ ለጌቶቿም በጎ ከማሰብ አልተከለከለችም። ልጆቻችንን ስንሸኝ ይህን ታሪክ ብንነግራቸው ከብዙ ስንቅ ይበልጣል።

ገንዘቡን ማን ይጠብቅላታል?

ወደ ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ ወደማይጠየቀው ጥያቄ ደረስን። ልጂቱ ደመወዟን በየወሩ ወደ ቤት ትልካለች። እኅት ለደብተር፥ ወንድም ለባጃጅ፥ አጎት ለብድር፥ ጎረቤት ለሠርግ ይጠይቃል፤ ሁሉም ይሰጠዋል። ቤቱ ይሠራል፤ ነገር ግን በአባት ወይም በወንድም ስም ይሠራል። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ጉልበቷ ደክሞ ስትመለስ፥ የራሷ የሚባል አንድ ክፍል ቤትና አንድ የባንክ ደብተር የሌላት ሆና ትገኛለች። ያን ጊዜ ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ በወንድሟ ቤት እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ወይም እንደ ገና መሄድ። ብዙዎቹም ይሄዳሉ። ሁለተኛውን ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚወልደው ድህነት ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ አለማሰብ ነው።

ሠራተኛ ደመወዙን ማታ ሳይመሽ እንዲያገኝ በኦሪት ታዟል፤ የተከለከለ ደመወዝ ወደ ጌታ እንደሚጮኽም ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ አስጠንቅቋል። ይህን ቃል ስንሰማ የባዕድ አገሯን እመቤት እናስባለን። ግን ልጂቱ የላከችውን ሁሉ በልተን ባዶ እጅዋን የምንቀበላት እኛ ከቃሉ ውጭ ነን?

እንግዲህ ከመሄዷ በፊት በስሟ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። ከምትልከው ውስጥ ለቤት የሚሆነው ስንት፥ ለእርሷ የሚቀመጠው ስንት እንደ ሆነ በቤተ ሰብ ጉባኤ ይወሰን። ክርስትና አባቷ ወይም ክርስትና እናቷ ወይም ሌላ የታመነ ሰው ምስክር ይሁን። የሚሠራው ቤትም ካርታው በስሟ ይውጣ። ብሩንም ዝም ብሎ አስቀምጦ መቆየት ጉዳት እንዳለው ይታወቅ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ቁጠባዋ በጊዜው ወደ ቦታ፥ ወደ ከብት ወይም ወደ ንግድ ቢለወጥ ይሻላል።

ስትመለስ

በ2006 ዓ.ም. ወርኃ ጽጌ ሊፈጸም ሲቃረብ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በሊባኖስ የገንዘብ ችግርና ወረርሽኙ ሲጸና፥ አሠሪዎች ብዙ ኢትዮጵያውያት ሠራተኞችን ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በቤይሩት በቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ጉዞ እንዳለ ሁሉ ያልታሰበ መመለስም አለ።

የተመለሰችውን ልጅ አስቀድሞ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አንዳንዷ ታማ ትመጣለች፤ አንዳንዷ አእምሮዋ ተጨንቆ፥ እንቅልፍ አጥታ ትመጣለች። ጠበል መውሰድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከጠበሉ ጋር ሐኪምም ይታከልበት። በደሴ ሆስፒታል፥ ሕመሙ የጸና ከሆነም በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይገኛል። አንዳንዷም ልጅ ይዛ ትመጣለች። አጋር በበረሓ ስትንከራተት የእግዚአብሔር መልአክ በውሃ ምንጭ አጠገብ አግኝቶ በስሟ ጠራት፤ ከወዴት መጣሽ፥ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎም ጠየቃት እንጂ አላዋረዳትም። የክርስቲያን ቤት በር ከዚያ ምንጭ ያነሰ ሊሆን አይገባውም።

በገዛ ቤታችን

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ከጃማና ከቦረና ገጠር የምትወጣ ልጅ ሁሉ ወደ ባሕር ማዶ አትሄድም። ብዙዎች ወደ ደሴ፥ ወደ ኮምቦልቻና ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእኛ ቤት ያገለግላሉ። እኛም እንደ ደላላው «እንደ ልጃችን ነው የያዝናት» እንላለን። ልጃችን በየትኛው ክፍል ትተኛለች? እርሷስ በየትኛው? ልጃችን በሰንበት ታስቀድሳለች፤ እርሷ ግን የምሳውን ወጥ ትጠብቃለች። መታወቂያዋን በመሳቢያችን ቆልፈን፥ ደመወዟንም «ይጠራቀምልሽ» ብለን ይዘን ስለ ቤይሩት እመቤቶች ብንፈርድ፥ ፍርዱ በራሳችን ላይ ይመለሳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአሠሪው ቤት የምትኖር ሠራተኛ ጤናዋና ሥነ ምግባሯ እንዲጠበቅ አሠሪውን ያሳስባል። ክርስቲያን ቤት ከሕጉ ሊያንስ አይገባም። ደመወዟ በየወሩ በእጅዋ ወይም በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። የዕረፍት ቀኗ ይታወቅ። በሰንበት ቅዳሴ ተራ ይሰጣት። የማታ ትምህርት ለመማር ብትሻ ይፈቀድላት። ይህ ሁሉ በቤታችን ቢፈጸም፥ ምናልባት አንዲቱ ልጅ ባሕር መሻገር እንኳ ሳያስፈልጋት ይቀራል።

የደጎሎዋ እናት በሚቀጥለው ሰንበት ተመልሰው ወደ ካህኑ መጡ። ልጂቱም አብራቸው ነበረች። ደላላውን መተዋቸውን፥ ልጂቱም በወረዳው ተመዝግባ ሥልጠናውን እስክትጨርስ ድረስ እንድትቆይ መስማማታቸውን ተናገሩ። ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ግን የመለሰችው ልጂቱ ራሷ ናት። «አባቴ፥ ለእማዬ ግማሹን እልካለሁ፤ ግማሹን በስሜ አስቀምጣለሁ። ይህን ስናገር ክፉ ልጅ እንዳልባል ፈርቼ ነበር» አለች። እናቲቱም ቀና ብለው ልጃቸውን ካዩ በኋላ፥ «ይሁንልሽ» አሉ። ካህኑም ሁለቱን በአንድነት ባረኳቸው።

ልጂቱ ትሂድ ወይም ትቅር ገና አልተወሰነም። ከሄደች ግን የት እንደ ሄደች የሚያውቅ፥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት፥ ድካሟንም የሚጠብቅላት ቤት ይኖራታል። ሕፃን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችው እመቤታችን ድንግል ማርያም በባዕድ አገር በየቤቱ የሚደክሙትን እኅቶቻችንን ሁሉ ትጠብቅልን፤ ለእኛም ስንሸኛቸው ጥበብን፥ ስንቀበላቸውም ርኅራኄን ታሰጠን። አሜን።